የዓርብ ክር

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 28 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብዱልቃኒ አሊ፣ ኮንጎ፣ ካሚና፣ የጦራችን መጋዘን።

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጥቅምት 25 ቀን የጻፍኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ከሁሉ አስቀድሜ ስሕተትህን ልንገርህ፤ ቀኑን ጽፈህ ዓመቱን ትተኸዋል። ዓመት የሌለው ደብዳቤ አጥር እንደሌለው ግቢ ነው ብዬ አንተንና ልጄን ፍሥሐን በአንድ ሰሌን ላይ አስቀምጬ ያስተማርሁት፣ አባትህ እዚህ ሱቅ በነበራቸው ጊዜ፣ ለከንቱ ኖሯል? ፊደልህ ግን ተሻሽሏል። ድሮ ፍየል የሮጠችበት ጭቃ ይመስል ነበር።

አንድ ጥያቄህ ገርሞኛል። «ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ወደ ቤትዎ የመጣ ሰው አለ ወይ?» ትላለህ። ማንም አልመጣም። ለምንስ ይመጣል? ከሰው ጋራ ሙግት የለኝም፤ የማንንም ድንበር አልገፋሁም። ደግመህ «ቢመጣ ብቻዎን አይቀበሉት» ማለትህን ጭራሽ አልወደድሁትም። እኔ ሰው ለመቀበል አጃቢ የሚያስፈልገኝ ሴት አይደለሁም።

ይልቅስ የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ፍሥሐ ከጦራችሁ ጋራ ወደዚያ ከዘመተ ወዲህ በወር ሁለት ጊዜ፣ በልደታና በማርያም ዕለት ይጽፍልኝ ነበር። የጥቅምት ማርያም ደብዳቤው አልመጣም። የኅዳር ልደታውም አልመጣም። ፖስታ ቤት ያለው ጸሐፊ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። በነሐሴ በአምሳ አለቃ ወልደ ሰንበት እጅ ስለላክሁለት ስለ አባቴ ዳዊትም አንድ ቃል አልጻፈልኝም። አባቴ መሪጌታ በገዛ እጃቸው ብራና ፍቀው የጻፉት ነው፤ ከርሱ ሌላ ርስት የለኝም። ባለፈው ዓመት የላክሁት ስንቅ መንገድ ላይ ተፈትቶ፣ ማሩ ጎድሎ መድረሱን ታውቃለህ። ስለዚህ በዚህኛው መጠቅለያ ላይ ግዝት ጽፌበታለሁ፤ ከወልደ ሰንበት እጅ ወደ ልጄ እጅ ብቻ ይለፍ፣ ሌላ እጅ የነካው እንደ ሆነ በእመቤታችን ስም የተገዘተ ይሁን ብዬ። እንዲህ ካልተደረገ በዛሬ ዘመን ሰው አይታመንም።

ፍሥሐን ስታገኘው እናትህ ተቆጥታለች በለው። ምራቴ ጤናዬም ከሩቅ እጅ ነሥታለች።

ወለተ ኪዳን

———

ካሚና፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለክብርት እሜቴ ወለተ ኪዳን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ዓመቱን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ይዩልኝ።

እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ጥያቄ የጠየቅሁዎት ከእኔ ቀድሞ የሚናገር ሰው ቢኖር ብዬ ነው። እኛ ለቤተ ሰብ እንዳንጽፍ ታዝዘናል፤ የሚነግረው መንግሥት ነው ተብለናል። ሁለት ወር ሙሉ መንግሥትን ጠበቅሁ። አሁን ግን «ተቆጥታለች በለው» የሚለውን ሳነብ አልቻልሁም።

ፍሥሐ የተሳፈረባት የጭነት አውሮፕላን ጥቅምት 20 ቀን ሰኞ ጧት ከዚህ ተነሥታ ወደ ፊተኛው ሰፈር ሄደች። አልደረሰችም። ውስጧ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ፈረንጆች፣ ሁለቱ የእኛ። ዐሥር ቀን በሰማይ ፈለጓት። ከላይ ሲያዩት ጫካው እንደ ባሕር ነው ይላሉ፤ የዋጠውን አያሳይም።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ከሐምሌ ወዲህ ይህች ሦስተኛዋ ናት። አንዷ በጭጋግ ተራራ መታች። አንዷን ከመሬት ተኩሰው መቷት፣ አብራሪው እንደ ምንም እስከ ማረፊያው ዳር አድርሷት እዚያው ተቃጠለች። የእነዚያን መጨረሻ አይተናል። የፍሥሐን ግን ያየ የለም። ስለዚህ «ጠፋች» ነው የሚሏት። ወደቀች አይሉም።

በመጋዘኑ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የተነሣች አውሮፕላን ቁጥሯ በጠመኔ ይጻፋል፤ ስትመለስ ይጠፋል። የእርሷ ቁጥር አሁንም አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ፈረንጅ አለቃ መጥቶ አጥፋው አለኝ። ጨርቁ ጠፍቷል አልሁት። በማግስቱ ጨርቅ ይዞ መጣ። ውኃ የለም አልሁት። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

እናቴን አስያን ጉንደ ወይን ላይ ሰው ልኬባታለሁ። ትመጣለች። እባክዎ ቢቆጧትም አይመልሷት።

ልጅዎ አብዱልቃኒ

———

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 14 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአብዱልቃኒ፣

ደብዳቤህ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ያ የጠየቅኸኝ የጽሕፈት ቤት ሰው መጣ። ቆሞ ሊያነብልኝ ሲጀምር ስጠኝ አልሁት።

«እማማ፣ መነጽር አለዎት?» አለኝ።

«መነጽር የሚያስፈልገው ለጻፈው ሰው ነው» አልሁት። የልጄን ስም በእሳቱ ሰ ጽፈውታል። ፍሥሐን በንጉሡ ሠ መጻፍ ያቃተው ሰው፣ የት እንደ ገባ እንዴት ያውቃል? ወረቀቱ «በግዳጅ ላይ ሳለ የጠፋ» ይላል። የሚጠፋስ በግ ነው። ሰውየው ልጅ እግር ነው። ጠላ አስቀዳሁለት።

የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደ ሩፋኤል በማግስቱ መጡ። «ወለተ ኪዳን፣ ነፍስ እንዳትንገላታ ፍትሐቱን እናድርስለት። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ» አሉኝ።

«ያጠመቁት እርስዎ አይደሉም?» አልኋቸው።

«ረስቼዋለሁ።»

«እንግዲያውስ ሞትም ይርሳው» ብዬ ቡራኬያቸውን ተቀብዬ ሸኘኋቸው። ላልሞተ ሰው ፍትሐት አላስፈታም፤ ተዝካርም አላወጣም። በሕይወት ያለ ሰው ተዝካሩ ቢበላ መንገዱ ይዘጋበታል፤ አባቴ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።

ጤናዬ ነጠላዋን ጥቁር ልትነክር ውኃ አፍልታ ደረስሁባት። ውኃውን ደፋሁት። አለቀሰች፤ አልለበሰችም። ዘመዶቿም ከቁይ መጥተው ነበር። ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ካገባች ዓመት ሳትሞላ ነው ከባሏ የተለየችው፣ እንውሰዳት አሉ። ባሏ መጥቶ ይሸኛታል አልኋቸው። እርሷን አልጠየቅኋትም።

አስያ ሦስት ቀን ተቀምጣ ሄደች። አልተቆጣኋትም። ስትገባ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ልጄን የገረፍሽበት አለንጋ ዛሬም አለ?» አለችኝ። ከግድግዳው ላይ አሳየኋት። ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን የምጠይቅህን በትክክል መልስልኝ። ፍሥሐ በሰኔ በጻፈልኝ ደብዳቤ «በአውሮፕላን እንደ ጆንያ ታስሬ ከምሄድ በእግሬ ወር ብጓዝ ይሻለኛል» ብሎኝ ነበር። ሰፈሩም ፊተኛው ነው እንጂ ካሚና አይደለም። ታዲያ ወደ ካሚና ምን አመጣው? ዳዊቱስ ደርሶታል? ከስቶ ነበር ወይስ ደኅና ነበር? ምን ለብሶ ነበር?

ማክሰኞና ቅዳሜ ከአዲስ አበባ አውሮፕላን እዚህ ሜዳችን ላይ ታርፋለች። ልጆች ሲሮጡ ስንት ዓመት ተቆጥቼ፣ እኔ አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር። አሁን ድምፅዋን ስሰማ በሩ ላይ ነኝ።

ወለተ ኪዳን

———

ካሚና፣ የካቲት 6 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለክብርት እሜቴ፣

በእጅጉ ናፍቄዎታለሁ። አለንጋውን እንኳ ናፍቄአለሁ።

ፍሥሐ አልከሳም ነበር። እዚህ ዕቃውም ሰውም ሚዛን ላይ ወጥቶ ነው የሚሳፈር፤ ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከነያዘው ሰባ አራት ኪሎ ሆኖ ነበር። አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ ነበር፤ ጤናዬ የሠራችለትን። በዚህ ሙቀት ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰማይ ቤት ብርድ ነው ይላሉ» አለኝ። ሚዛኑ ላይ ቆሞ ሳቀ።

ወደ ካሚና የመጣው ለጉዳይ ነው። የጦር ሰው ጉዳይ አያጣም። ዳዊቱም በደኅና ደርሶታል፤ በእጁ ሲቀበል በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አይጨነቁ።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ልንገርዎ። በታኅሣሥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጠፍታ ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሁለት ሰዎች በእግራቸው ወንዝ ይዘው ወጡ። ጺማቸው አድጎ፣ ጫማቸው አልቆ፤ ግን በሕይወት። እኔ በዓይኔ አየኋቸው፤ ሾርባ ይዤላቸው ሄድሁ። አንደኛው ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ሳይጠጣ ዝም ብሎ አየው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር በዝናብ ደብዝዞ ነበር። በጠመኔ ደገምሁበት።

ልጅዎ አብዱልቃኒ

———

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 27 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአብዱልቃኒ፣

ሁዳዴ ትናንት ገባ። በጾም ሐሰት መስማት አልፈልግም።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለህ ስትዋሽ ፊደልህ ይሰፋ ነበር። «ዳዊቱም በደኅና ደርሶታል» የምትለው መስመር ከሌላው መስመር እጥፍ ይሆናል። መነጽሬን አድርጌ ለክቼዋለሁ።

ዳዊቱን ሲቀበል በዓይንህ ካየህ የተቀበለው ካሚና ነው፤ አንተ ከካሚና ወጥተህ አታውቅምና። ወልደ ሰንበት ደግሞ እስከ ፊተኛው ሰፈር ወስዶ በእጁ ሊሰጥልኝ ምሎልኝ ነበር። «ከነያዘው» ትላለህ፤ የያዘውን ግን አልጻፍኸውም። እንግዲህ ልጄ ወደ ካሚና የመጣበት ጉዳይ ምን እንደ ነበር ልቤ እየነገረኝ ነው። ነገር ግን ልብ ለብቻው ምስክር አይሆንም።

እውነቱን እንድትጽፍልኝ በእመቤታችን ስም ልገዝትህ ብዕር አንሥቼ ነበር። ከዚያ አስቀመጥሁት። አንተ በእመቤታችን ግዝት አትያዝም፤ በምን እንደምትያዝም ጠይቄህ አላውቅም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ብዕሩን ሳነሣ እጄን ፈራሁት።

ስለዚህ እለምንሃለሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚለመን እንኳ በደንብ አላውቀውም። ንገረኝ።

ወለተ ኪዳን

———

ካሚና፣ መጋቢት 19 ቀን 1954 ዓ.ም.

እሜቴ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን አልቀድም።

ወልደ ሰንበት መስከረም 12 ቀን ዳዊቱን ይዞ ካሚና ደረሰ። በማግስቱ ወባ ጣለው። ወደ አገር ሲመልሱት በቃሬዛ ሆኖ ወደ መጋዘኔ ውሰዱኝ አለ፤ ጥቅሉን በገዛ እጁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። «አብዱል፣ የማንም እጅ እንዳይነካው፤ ግዝት አለበት፤ ጽፈዋለች» አለኝ። ጽሕፈትዎን አየሁ። ከልጅነቴ የማውቀው ጽሕፈት ነው።

በየቀኑ ወደ ፊተኛው ሰፈር አውሮፕላን ይሄዳል፤ በየቀኑ መቶ ጆንያ እጭናለሁ። ዳዊቱን ከጆንያዎቹ መካከል ባስገባው በሁለት ሰዓት ይደርስ ነበር። የሚጭኑት የእኛ ልጆች ግን ወደ መደርደሪያው አይቀርቡም። አንዱ ጽሑፉን አንብቦ አማተበና ሸሸ። አንድ ቀን ፈረንጁ ጫኝ «ይህስ?» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ጮኼ አስጣልሁት። እኔ፣ እስላሙ! እኔን አይዘኝም ልል እችል ነበር እኮ። የፈራሁት ግዝቱን አይደለም፤ እርስዎን ነው። በሰባት ዓመቴ ሳልጠይቅ የመጽሐፍ ገጽ ገልጬ ያደረጉኝን አልረሳሁትም። ለአምስት ሳምንት ያን ጥቅል እንደ ዘበኛ ጠበቅሁት።

ከዚያ ለፍሥሐ ወረቀት ላክሁበት። እኔ ነኝ የላክሁበት፤ ይህን ነው መጻፍ ያቃተኝ። «የእናትህ ዳዊት እዚህ ነው፤ በግዝት ታስሯል፤ አንተው ና» ብዬ።

ጥቅምት 19 ቀን እሑድ መጣ። ከአውሮፕላን ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ምነው?» አልሁት።

«አትጠይቀኝ። መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ስል መጣሁ» አለኝ።

«በል እኔ በሚቀጥለው ልላክልህ፤ አንተ በመኪና ቀስ ብለህ ተመለስ።»

«ማን ይነካዋል? አንተ ትነካዋለህ?»

«ለአንተ ስል እነካዋለሁ።»

«ከዚያስ? ‹በማን እጅ ደረሰህ?› ብላ ስትጽፍልኝ ምን ልላት ነው? አብዱል፣ እዚያ ጫካ ውስጥ የሚተኩሱብን ሰዎች አሉ። ወላዲተ አምላክን፣ እነርሱን እንደ እናቴ ደብዳቤ አልፈራቸውም!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ጥቅሉን አወረደው፤ ሦስት ጊዜ ተሳለመው። ማታውን ሙሉ ሲገልጠው አመሸ። «አያቴ ይህችን ቀይ ቀለም ከምን እንዳወጣት ታውቃለህ?» ይለኛል። እንደ ሕፃን ነበር እሜቴ። ደስ ብሎት ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ በጣም ደስ ብሎት ነበር።

ጧት መዘንሁት። እርሱ ሰባ አንድ፣ ዳዊቱ ሦስት። ዝርዝሩ ላይ አንድ አድርጌ ጻፍሁት። ቁጥሯን ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትም እኔ ነኝ።

ማንም አልበደለዎትም፤ እኔ ነኝ። የፈለጉትን ይበሉኝ።

አብዱልቃኒ

———

ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልቃኒ፣

ዘግይቼ ስለ ጻፍሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ደብዳቤህ በሰሙነ ሕማማት ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ሰውም የሕማማት ነው ብሎ ተወኝ።

አንተ አልበደልህም። የታዘዝኸው እኔን ነው። እርሱም የታዘዘው እኔን ነው። አባቴ ዳዊት ሲያስደግሙኝ አንዲት ቃል ብስት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። መቶኛው መዝሙር ላይ ደርሼ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ «ፍካሬ»፣ የተመለስሁበት ቀን አለ። እኔም እንደርሳቸው አሳደግኋችሁ። ስሕተት እንዳታደርጉ አስተማርኋችሁ፤ ትእዛዝ መተው የሚገባበት ቀን እንዳለ ግን አላስተማርኋችሁም። እኔም አላውቀውም ነበር።

ወደ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሄድሁ። ከጥር ወዲህ ከቡራኬ በቀር አልተነጋገርንም ነበር። «ግዝቴን ይፍቱልኝ» አልኋቸው።

«ዕቃው የት አለ?» አሉ።

«ዕቃው የለም። ቃሉ ግን አለ።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መስቀላቸውን ራሴ ላይ አድርገው ፈቱኝ፤ ቀኖናም ሰጡኝ። ስግደቱ ለጉልበቴ በዛ ብለው ሊቀንሱልኝ ነበር፤ አልፈቀድሁም። ስወጣ፣ «ስሙን አልረሳሁትም ነበር። ይህን ሰሞን ሁሉ በሕያዋን ጸሎት ላይ ነው የማነሣው» አሉኝ። እጃቸውን ሳምሁ።

ጤናዬንም ጠራኋት። «ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ቃል አትታሰሪ። ከፈለግሽ ወደ ቁይ ሂጂ፤ ጥቁርም ብትለብሺ አልቆጣም» አልኋት። ወጥታ ሄዳ ተመልሳ መጣች። «እሜቴ፣ እስካሁን በእርስዎ ቃል የታሰርሁ መስሎዎት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ መልስ ያላት ልጅ መሆኗን አላውቅም ነበር። ሌላ አረንጓዴ ሹራብ ጀምራለች።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰሌዳውን ቁጥር እስካለህ ድረስ አታጥፋው።

ወለተ ኪዳን

———

ካሚና፣ ሰኔ 2 ቀን 1954 ዓ.ም.

እሜቴ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

አውሮፕላኗ ተገኝታለች። ከመንገዷ በጣም ርቃ ረግረግ ውስጥ ነው። አውሬ አዳኞች ለአንድ የሚሲዮን ቄስ ነግረው፣ ቄሱ ለጦሩ ላኩ። የአገሬው ሰዎች ከእርሷ አጠገብ ሦስት ሰዎች ቀብረዋል። ከወደቀች ከወር በኋላ ነው የደረሱባት፤ የማን የማን እንደ ሆነ ሊለዩ አይችሉም። አምስት ነበሩ። የሁለቱ ምልክት የለም። ወንዙ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ወንዙን ይዞ የወጣ ሰው ቢኖር ከእኛ እየራቀ ነው የሚሄደው፤ የሚደርሰውም እኛ በማናዝዘው አገር ነው።

ሌላም አለ። ዳዊቱ ተገኝቷል።

ከወንዙ በታች፣ ከአውሮፕላኗ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎጆ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ዓሣ አጥማጁ በትኩሳት ሞቷል። ሚስቱ የምታውቀው ባሏ ይዞት መምጣቱን ብቻ ነው፤ ከሙት አንሥቶት ይሁን ከሕያው እጅ ተቀብሎት አታውቅም። እርሷ ለወንድሟ ሰጠች፤ ወንድሟ ለሚሲዮኑ፣ ሚሲዮኑ ለጀልባ ነጂ፣ ጀልባ ነጂው ለመኪና ነጂ፣ ከዚያ አንድ ስዊድናዊ አብራሪ አምጥቶ «ይህ የእናንተ ፊደል አይደለም ወይ?» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። ስንት እጅ እንደ ነካው መቁጠር ጀምሬ ተውሁት። አንዳቸውም ግዝቱን ማንበብ አይችሉም። ከዳዊቱ አንድ ገጽ አልጎደለም። የቆዳ ማኅደሩን አንድ ጎን ውኃ ነክቶታል እንጂ።

እኔም ነካሁት እሜቴ። ዐቅፌው አደርሁ። አልገለጥሁትም፤ ሳይጠይቁ መግለጥ አይገባምና።

በማን እጅ ልላክልዎ? የሚሉኝን አደርጋለሁ። ይዘሽ ነይ ብለው እናቴን ቢልኩ እንኳ ትመጣለች።

አብዱልቃኒ

———

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልቃኒ፣

«በመጣው እጅ ላከው» ብዬ በቴሌግራም የመለስሁልህ ደርሶህ ዳዊቱን በፖስታ መላክህን አመሰግናለሁ። ትናንት ደረሰ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ በዝናብ ኩታውን አልብሶት እቤቴ ድረስ አመጣው። ልጁ ስሙ አካለ ወልድ መሆኑን ገና ትናንት ጠየቅሁት። ዓመት ሙሉ ሳናድደው ስሙን አላውቅም ነበር።

አሁን የምጽፍልህን በጥሞና አንብብ፤ ልቤ ሳይሆን ዓይኔ ያየውን ነው።

ዳዊት ለሰባቱ ቀን የተከፈለ መሆኑን ታውቃለህ፤ ፍሥሐ ሲደግም አጠገቡ ተቀምጠህ ሰምተሃል። የየቀኑን ሲጨርስ ክሩን አንሥቶ ለነገ በሚነበበው ቅጠል ላይ አዙሮ መቋጠር ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮው የአባቴ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከሥር ይገባል፤ በራሱ አይፈታም፣ የማያውቅ ሰውም አይቋጥረውም። እኔ ስልከው ክሩ ሰኞ ላይ ነበር። አውሮፕላኗ የተነሣችው ሰኞ ነው፤ የወደቀችውም ያን ዕለት ነው።

ክሩ ዓርብ ላይ ነው፤ በዚያው ቋጠሮ ተቋጥሮ።

ልጄ ሐሙስን ጨርሶ ለዓርብ ቋጥሯል። በዚያ ረግረግ፣ ሦስት ሰው በሞተበት፣ ሰኞን አንብቧል፣ ማክሰኞን አንብቧል፣ ረቡዕን አንብቧል፣ ሐሙስን አንብቧል። ነገ አነባለሁ ብሎ ቋጥሯል።

ጤናዬን ጠርቼ አሳየኋት። ጣቷን ቋጠሮው ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ቆየች። እኔ ግን ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣብኝና ቁጭ አልሁ። ከእጅህ አይውጣ ብዬ የገዘትሁት መጽሐፍ ነው። ፍሥሐ ደግሞ በሕይወቱ ቃሌን ጥሶ አያውቅም። እንግዲህ ዳዊቱ በሌላ ሰው እጅ ከተገኘ፣ እርሱ በፈቃዱ አልሰጠውም፤ ቃሌን እስከ መጨረሻ ጠብቋል ማለት ነው፤ ይህም ማለት ... አልኋት፤ አልጨረስሁትም።

ጤናዬ «ወይም እንቢ ብሎዎታል» አለችኝ።

«ምን?»

«ለዓሣ አጥማጁ ሰጥቶታል። ‹ይህን ለሰው አድርስልኝ› ብሎ። ምን ሌላ የሚልከው ነበረው? እሜቴ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንቢ ሊልዎ አይችልም?»

አብዱልቃኒ፣ አንተ ከልጅነቱ ታውቀዋለህ። ከእኔ ተደብቆ የሠራው ነገር አለ? ከቅጥር ዘሎ ወንዝ ወርዶ ያውቃል? የሰው ኮክ ቆርጧል? ዋሽቶኛል? ካለ ጻፍልኝ፤ አትደብቀኝ። ስታመሰግነው ኖረሃል፤ አሁን ክሰሰው። አንዲት ብትሆን ትበቃኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲታዘዘኝ ስጸልይ ኖሬ፣ አሁን በየሌሊቱ የምለምነው፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በዚያ ዓርብ ቀን፣ እናቱን ሳይታዘዝ ቀርቶ ይሁን ብዬ ነው።

ፍትሐት አላስፈታም። ቄስ ወልደ ሩፋኤልም አልጠየቁኝም። ክሩንም አላነሣሁትም። ዳዊቱን በየቀኑ እደግማለሁ፤ ዓርብ ላይ ስደርስ ከሌላ መጽሐፍ አነባለሁ። ያ ቀን የርሱ ነው።

ከዚህ ጋራ ሌላ ወረቀት አለ። አልታሸገም። በዚያ ወንዝ በኩል ለሚሄድ ለማንኛውም ሰው ስጥልኝ።

እናትህ ወለተ ኪዳን

———

ይድረስ ለልጄ ለፍሥሐ፣ ወንዙ ባለበት ሁሉ።

ዳዊቱ ደርሶኛል። ለማን እንደ ሰጠኸው አልጠይቅህም። ደግ አደረግህ።

ሹራቡ አልቋል፤ ጤናዬ እጅጌውን አስረዝማዋለች፤ ክንድህ አድጎ ይሆናል ብላ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ሰው ክንድ ያድጋል ወይ ብዬ ብስቅባት አልሰማችኝም። አውሮፕላን ማክሰኞና ቅዳሜ ትመጣለች። በእርሷ አትምጣ፤ እንደምትፈራት አውቃለሁ። በእግርህ ና። የፈለግኸውን ያህል ብትዘገይ አልቆጣም።

የጎደለ ፊደል ብታገኝ ስለ እርጅናዬ እለፈው።

በዚህ ወረቀት ጀርባ፦

ይህን ያገኘህ፣ ማንም ሁን፣ ማንበብም ባትችል፣ ግዝት የለበትም። እጅህ እርጥብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢኖርበት ግድ የለም። ያዘው። ላንተ ለሚቀርበው ሰው ስጠው፤ እርሱም ለሚቀጥለው ይስጥ።